የካውቦይ እናት

ባሌን ሰው ሁሉ «አፈ ቀላጤ» ይለዋል። እኔ ስናደድ የምጠራበት ሌላ ስም አለኝ፤ እሱ ይቅር። ሥራው ካውቦይ ፊልም መተርጎም ነው። ፊልሙ በጣልያንኛ ቢያወራ፣ በህንድኛ ቢያወራ፣ በራሺያኛ ቢያወራ ግድ የለውም፤ ማይክራፎኑን ይዞ ከሸራው ጎን ይቀመጥና ሁሉንም በኛ ቋንቋ ያንበለብለዋል። ከሦስቱ አንዱንም አያውቅም። ሰፈሩ በሙሉ እንደማያውቅ ያውቃል፤ ቅር ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

እኔ በር ላይ ነኝ። ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ሰካራም እመልሳለሁ፣ በአንድ ቲኬት ለሁለት ሊገቡ የሚሞክሩትን በኮሌታቸው ይዤ አወጣለሁ። ቤታችንና ቪዲዮ ቤቱ አንድ ነው፤ ከፊት አዳራሹ፣ ከሸራው ጎን በመጋረጃ የተከለለች በር፣ ከዚያ ወዲያ የኛ ክፍል። ወደ ክፍላችን ለመግባትም ሆነ ለመውጣት በተመልካቹ መሃል ማለፍ ግድ ነው። የተጋባን ሰሞን «ይሄ ቤት ሁለተኛ በር ያስፈልገዋል» ብዬው ነበር። «ከማን ልታመልጪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄው ነው።

ከበሩ በላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለናል። ገበያ እንዲጠራ ብለን ነው የሰቀልነው፤ አሁን ግን ግማሹ ሰፈር ፊልሙን በነፃ ያዳምጣል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እያጠቡ፣ ጫማ ሰፊው እየሰፋ፣ ማን ማንን እንደገደለ እኩል ይሰማሉ። ባሌ ድምፁ ሲሰማ ደስ ይለዋል። ሌላ ደግሞ የኛ ቤት ደንብ አለ፤ ተመልካች ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ባሌ ፊልሙን ያቆምና «ጥያቄ መጥቷል» ብሎ ጥያቄውን በማይክራፎን ይደግመዋል፤ ከዚያ ይመልሳል። መልስ አጥቶ አያውቅም። ባለ ነጭ ፈረሱ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ባለ መጠጥ ቤቱ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ሸሪፉ ስንት እህት እንዳለው፣ ሁሉንም ከሆዱ እያወጣ ይናገራል። «ሰው ዘመዱ ካልታወቀ ፊልሙ አይገባም» ይላል።

ካውቦይ ሁሉ አንድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። እኔ በር ላይ ሆኜ አንገቴን እያስገባሁ ሳይ ነው ያረጀሁት። የአሜሪካኑ ሸሚዙ አይቆሽሽም፤ ቀኑን ሙሉ ተታኩሶ ገና ከላውንደሪ የወጣ ይመስላል። የራሺያው አሸዋ ለአሸዋ የሚጋልበው ለራሱ ብሎ አይደለም፣ ለመንግሥት ነው፤ ባሌ እሱን ሲተረጉም ድምፁ የስብሰባ ድምፅ ይሆናል። የህንዱ፣ እሱስ ተዉት። ትከሻውን በጥይት ተመትቶ እንኳ ይዘፍናል። ግን መጨረሻው ሲደርስ፣ ሁለቱ ሊጨራረሱ ሲሉ፣ እናት ትመጣለች። ሁልጊዜ ትመጣለች። ጸጉሯ ሽበት፣ እያለቀሰች በመሃላቸው ትገባለች፤ አዳራሹ አብሮ ያለቅሳል፣ እኔም በሩን ትቼ አለቅሳለሁ።

የጣልያኑ ነው የሚያስፈራኝ። ላብ፣ አቧራ፣ ዝንብ። ሁለት ሰዎች መንገድ መሃል ቆመው ዓይን ለዓይን ይፋጠጣሉ፤ አንድ ቃል የለም፣ ዓይን ብቻ፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ ደግሞ ዓይን። ከዚያ ይገዳደላሉ። አንድ ቀን ለባሌ «በጣልያን ካውቦይ ውስጥ ለምን እናት የለችም?» አልኩት። አሰበና «ለዚህ ነዋ እንዲህ የሚጨካከኑት» አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ ተውኩት።

ባሌ አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ ለኔ ዋርሳዬ። ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ክፉ ቀን ግን ዝም ማለት ሲገባው ዝም ሳይል ቀረና ከጎረቤታችን ከአናጢው ታናሽ ወንድም ጋር መንገድ ላይ ተሰዳደበ፤ ስለ እግር ኳስ ነበር ይላሉ። ገፈተረው። ያ ልጅ ወደ ኋላ ወደቀና ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ሐኪም ቤት አልደረሰም። ዋርሳዬ አልሮጠም፤ እሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ፖሊስ ጠበቀ። ተፈረደበት፣ ታሰረ።

የአናጢው ቤትና የኛ ቤት አንድ መንገድ ላይ ነው። ድሮ ወዳጆች ነበርን፤ አግዳሚ ወንበሮቻችንን የሠራልን እሱ ነው፣ ባሌንም «ጋሼ» ነበር የሚለው። ከዚያ ወዲህ እናቱ በበራችን ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ ያዞራሉ። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔ ብሆን ከዚያ የባሰ አደርግ ነበር። አናጢው ግን መምጣቱን አልተወም። እሁድ እሁድ ከሰዓት ይመጣል፣ ሳያናግረኝ ቲኬት ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የህንዱ ከሆነ እናቲቱ ብቅ ስትል ተነሥቶ ይወጣል። የጣልያኑ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ይህን ለባሌ ስነግረው «ደንበኛ ነው፣ ተይው» ይለኛል።

ዋርሳዬ የተፈታው ቅዳሜ ነው። ከስቶ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ያቺው ክፍላችን ውስጥ ፍራሽ ዘረጋንለት። ሌላ መሄጃ የለውም።

በማግስቱ አናጢው ከሁሉም ሰው ቀድሞ መጣ።

«ዛሬ የጣልያኑን ክፈቱ» አለኝ። ከዓመታት በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ዛሬ ተራው የህንዱ ነው። ተለጥፎ አታይም እንዴ?»

«የጣልያኑን።»

ቲኬቱን ሲቀበለኝ ኮቱ ገለጥ አለ። ከውስጥ የእንጨት እጀታ አየሁ። መሮ ነው፤ ያ ሰፊው፣ በር ሲገጥም የሚጠቀምበት። እሁድ ቀን ማን በር ሊገጥም!

«እንግዳ መጥቶላችኋል አሉ» አለኝ።

«የምን እንግዳ?»

«ከመጋረጃው ኋላ ያለው። አትዋሺኝ፤ ትናንት ሲገባ አይቼዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ገብቼ አናግረዋለሁ። እስኪያልቅ እታገሣለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ታግሼ የለ?»

ገብቶ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቦታ መጋረጃው ፊት ለፊት ነው። ሰዉ እየገባ አዳራሹ ሞላ። ባሌን በጆሮው ነገርኩት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለታችንም መጋረጃውን ገልጠን ገባን። ዋርሳዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል፣ በር ላይ የተባባልነውን ሁሉ ሰምቷል።

«ልውጣለትና ይጨርሰው» አለ።

«ቁጭ በል!» አልኩት። «ጀግንነትህን ዛሬ አይደለም የምታሳየን!» መስኮቷን አየሁ፤ በብረት የታጠረች ናት፣ ድመት እንኳ አታሳልፍም። «ፖሊስ ልጥራ?»

«ምን ልትያቸው?» አለ ባሌ። «አናጢ መሮ ይዟል ልትይ ነው? ዛሬ ቢወስዱት ነገ ይመጣል። እናቱን ጥሪ።»

«የኛን ፊት ማየት የማይፈልጉትን ሴትዮ?»

«ጥሪያቸው። እኔ አቆየዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ጣልያኖቹ እስኪተኳኮሱ ነዋ!» ማይክራፎኑን አነሣ።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ነጠላ ጫማዬ እየተንሸራተተ ቁልቁል ስሮጥ የባሌ ድምፅ ከኋላዬ ይከተለኛል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ድምፁ እስከተሰማ ድረስ ማንም ማንንም አልወጋም። ሕይወቴን ሙሉ «ኧረ ባክህ ዝም በል» ስለው የኖርኩት ሰውዬ፣ ዝም እንዳይልብኝ እየለመንኩ ሮጥኩ።

«...እነሆ አክተራችን ከተማ ገባ» ይላል። «ወንድሙን ገድለውበታል። ገዳዩን ይፈልጋል። ፈረሱ ደክሞታል፤ ቆይ፣ እዚህ ጋ ላቁምና ስለ ፈረሱ ትንሽ ላጫውታችሁ።» ተመልካቹ «ልቀቀው!» እያለ ይጮሃል። ባሌ ስለ ፈረሱ እናት፣ ስለ ፈረሱ አያት፣ ፈረሱን ስለሸጠው ነጋዴ ያወራል። ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ «ዛሬ ደግሞ ባልሽን ምን ነካው?» አለኝ። ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ «ጥያቄ መጥቷል» አለ ባሌ። ቆሜ ቀረሁ። «ከሦስተኛው ረድፍ ነው። ጠያቂያችን ‹ገዳዩን የደበቀው ማን ነው?› ይላሉ።» ድምፁ ለአፍታ ጠፋ። «አልተደበቀም። ያን ቀንም አልሸሸም፣ ዛሬም አልሸሸም። ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ወንድሙ ነው አትውጣ ያለው። ወንድም ነዋ፤ ምን ያድርግ?»

እዚያ ደረስኩ። የአናጢው እናት በሩን ከፍተው ልብስ ይተኩሳሉ። ድምፅ ማጉያው እዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እሁድ በመጣ ቁጥር ይህን ሲሰሙ መክረማቸውን አስቤ አላውቅም ነበር።

«እማማ፣ ልጅዎ...» አልኩ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ።

«የትኛው?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«አናጢው። መሮ በኮቱ ይዞ እኛ ቤት ተቀምጧል። ዋርሳዬ ተፈትቶ...»

«አውቃለሁ። ትናንት በበሬ አለፈ። ከስቷል።»

«እንግዲያው ይምጡልኝ እማማ! በፈጠረዎት! ፊልሙ ሲያልቅ ሊገድለው ነው!»

ካውያውን አቆሙና አዩኝ። «መጥቼ ምን ላድርግ? ያንቺ ባል ወንድሙን ከመጋረጃ ኋላ አስቀምጦ ይጠብቃል። የኔ ልጅ ወንድሙን የት ሄዶ ይጠብቅ?»

በራቸው ላይ ግትር ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ወደ ሸሚዙ ተመለሱ። የልጃቸው ሸሚዝ ነው።

ባሌ አላቋረጠም። «ወገኖቼ» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «አሁን ሁለቱ መንገድ መሃል ቆመዋል። ከላይ ያቺን መስኮት ታያላችሁ? ያቺን መጋረጃ የያዘች ሴትዮ? እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም። የአክተሩ እናት ናት።»

አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ ተሰማኝ። «በጣልያን ካውቦይ? የምን እናት!» የሚል ሰው ድምፅ መጣ። ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ መስኮት ለመዝጋት ብቅ ብላ የምትጠፋ፣ ስም እንኳ የሌላት አሮጊት ናት።

«ሳቁ» አለ ባሌ። «ግድ የለም። ግን እናቱ ናት። አንዱን ልጇን ቀብራለች። የቀራት ይሄ የቆመው ነው። ያኛውን ከገደለ፣ ሸሪፉ ነገ ገመድ ይዞ እሱን ይጠብቀዋል። እሷ ደግሞ ሁለት መቃብር ይዛ ትቀራለች። ይሄን ልጇ አያይም፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። እሷ ናት የምታየው። እንግዲህ ወይ መስኮቷን ትዘጋለች፣ ወይ ትወርዳለች። እኔ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላው...»

ድምፁ ተቋረጠ።

ጠበቅኩ። ምንም የለም። የፊልሙ ነፋስ ብቻ በድምፅ ማጉያው ይነፍሳል። የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተኝና ዞርኩ፤ ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ እሳቸው ግን የሉም። ሻርፓቸውን እንኳ ሳያነሡ በጎኔ አልፈው መንገድ ላይ ናቸው። ካውያውን ነቅዬ ተከተልኳቸው። በዚያ ዕድሜ ያ ሩጫ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እኔ ልደርስባቸው አልቻልኩም።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሟል። ማይክራፎኑ መሬት ወድቋል። አናጢው መሮውን በእጁ ይዞ መጋረጃው ጋ ደርሷል፣ ባሌ ደግሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ዘግቶታል። ሸራው ላይ ሁለቱ ካውቦዮች ይፋጠጣሉ፤ ዓይን፣ ጣት፣ ዓይን።

«ጋሼ፣ ዞር በል» አለ አናጢው። «ካንተ ጋር ጸብ የለኝም።»

«አልዞርም።» ባሌ ያለ ማይክራፎን ድምፁ ያን ያህል ትንሽ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ጋሼ!»

«አልዞርም አልኩህ። ግደለኝና እለፍ።»

እናቱ በአግዳሚዎቹ መሃል አልፈው ልጃቸው አጠገብ ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው» አሉ።

«እማዬ፣ ወደ ቤት ግቢ።»

«አምጣው። የአባትህ መሮ ነው። እንጨት ነው የሚጠርበው።»

አልሰጣቸውም። መሮው ወደ ባሌ ደረት እንዳነጣጠረ ነው። ያን ጊዜ ሸራው ላይ ተተኮሰ። ሁላችንም ዘለልን፤ ባሌ ራሱ የተመታ መስሎት ደረቱን ያዘ። አክተሩ ቆሟል፤ ያኛው በጉልበቱ ተንበረከከና አቧራው ውስጥ በፊቱ ተደፋ። ሌላ ጊዜ እዚህ ጋ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋ ነበር። እናቱ ዞረው ሸራውን አዩ። በሕይወታቸው ካውቦይ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የወደቀውን ሰውዬ ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ ተርጓሚ» አሉ። «ይሄ የወደቀው፣ እናቱ የት አለች?»

ባሌ አፉን ከፈተ። መልስ አጥቶ የማያውቀው አፈ ቀላጤ አፉን ከፍቶ ቀረ። በመጨረሻ «አላውቅም እማማ» አለ። «አላሳዩንም።»

«አለች እንጂ» አሉ እሳቸው። «እንዴት አትኖርም?»

የአናጢው እጅ ወረደ። መሮውን እናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ራሱ በሠራው አግዳሚ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ስንት ዓመት የያዘው ለቅሶ እንደሆነ ድምፁ ይናገራል። ማንም አልሳቀበትም። እሳቸው ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አንተ፣ እዚያ ያለኸው» አሉ። «ትኖር እንደሆነ ኑር። በበሬ ግን እንዳታልፍ። ዓይኔ እንዳያይህ።»

ከመጋረጃው ኋላ «እሺ እማማ» የሚል ድምፅ መጣ። ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ተበላሸ። በጣልያኑም ሆነ በአሜሪካኑ ማንም ሰው በወደቀ ቁጥር ፊልሙን ያቆምና «እናቱ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ገና አልሰማችም» ይላል። «ይሄኛው ለእናቱ አንድ ነው» ይላል። አንዳንዱ ደንበኛ ተናዶ «ካውቦይ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?» ብሎ ማዶ ወዳለው ቪዲዮ ቤት ሄደ። ይሂድ። በምትኩ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። አናጢው ብዙ ወራት ጠፋ፤ አንድ እሁድ ተመለሰ። የህንዱ ነበር ተራው። እናቲቱ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ አልተነሣም።

ዋርሳዬ ዳቦ ቤት ሥራ አገኘ። ቃሉን ጠበቀ፤ ጠዋት ሲሄድም ከሰዓት ሲመለስም በአናጢው ቤት በር ላለማለፍ በታችኛው መንገድ፣ በወንዙ በኩል ይዞራል። ፀሐይ ቢሆን፣ ቢታመም፣ ይዞራል። ባሌ አንድ ጊዜ «አሁንማ በዚህ ብታልፍ...» ሲለው «እሺ ብያቸዋለሁ» ብሎ ዝም አሰኘው።

ዘንድሮ ክረምቱ የመረረ ነው። አንድ ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ዶፉን እያየሁ የአናጢው እናት ዣንጥላ ይዘው መጡ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«ዋርሳሽ ሥራ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። ሊወጣ ደርሷል።»

«የታችኛውን መንገድ ጎርፍ ይዞታል። ሰው ይወስዳል።» ዣንጥላቸውን አስተካከሉ። «በኔ በር ይለፍ በይው።»

ጥቂት እንደ ሄዱ መለስ ብለው በጣታቸው አስጠነቀቁኝ። «ዛሬ ብቻ!» አሉ።

እግዜር ይስጠው፣ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም።